ከአፈር ግድብ ግርጌ ስለሚወጣ ውኃ

የክረምቱን ዝናብ ለበጋ መጠጥ የሚያቆይ ትንሽ የአፈር ግድብ ውኃን ጨርሶ የሚያግድ ይመስላል፤ ነገር ግን በአፈሩ ውስጥ ዘወትር ጥቂት ውኃ ይሰርጋል። ይህ ጠባዩ ስለ ሆነ ብቻውን አያስፈራም። መመርመር የሚገባው ከግርጌው የሚወጣው ውኃ ጥራት ነው። በጠርሙስ ተቀድቶ ጥቂት ሰዓት ሲቀመጥ ደለል ካልዘቀጠበት፣ መጠኑም ከቀን ወደ ቀን ካልጨመረ፣ በዚህ በኩል ለጊዜው አያሰጋም። ደፍርሶ ከወጣ ግን የግድቡን አካል ከውስጥ እየሸረሸረ ነውና ጊዜ አይሰጥም። በአሜሪካ የነበረው የቲተን ግድብ፣ ምንም እንኳ እጅግ ትልቅ ቢሆን፣ በ1976 እ.ኤ.አ. በዚሁ አኳኋን ፈረሰ፤ ጠዋት ደፍርሶ የታየው ውኃ ቀትር ሳይሆን ግድቡን ናደው፤ 11 ሰዎችም ሞቱ።

ስለዚህ የደፈረሰ ውኃ የታየ እንደ ሆነ ከግድቡ በታች ያሉ ሰዎች ወዲያው ወደ ከፍታ ይውጡ፤ ለአስተዳደሩም ይነገር። መውጫውን በጭቃ መድፈን አይበጅም፤ ውኃው ሌላ መንገድ ይፈልጋልና። በግድቡ ጀርባ ዛፍ መትከልም፣ ብዙዎች እንደ በጎ ሥራ ቢቆጥሩት፣ ጉዳት ነው፤ ሥሩ ሲበሰብስ እንደ ፍልፈል ጉድጓድ የውኃ መንገድ ይሆናል። ሣር ይበቃዋል።

የጠራው ውኃስ? ግድቡን ባይጎዳ ሰውን ይጎዳል። ፀሐይ በሚመታው ኩሬና በከብት ኮቴ ውስጥ የወባ ትንኝ ትፈለፈላለች። በትግራይ ተደርጎ በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በትናንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት 7 እጥፍ ያህል በወባ ይታመሙ ነበር። ይህን ውኃ በጠባብ ቦይ ሰብስቦ ማፍሰስ ለሁለቱም ይጠቅማል፤ ትንኟ መራቢያ ታጣለች፤ የውኃውም መጥራትና መደፍረስ በግልጽ ይታያል። ቦዩን ግን የግድቡን ግርጌ ቆፍሮ ማውጣት አይገባም።