ፋብሪካው ሠራተኛ ሊቀንስ ነው ሲባል፦ ስሌቱን ሳያዩ አይልቀቁ

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ አልባሳት ኩባንያ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ጦርነቱ የተባባሰበት፣ አሜሪካም ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ የገለጸችበት ወቅት ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ከደብዳቤው ቀድሞ የሚመጣው ወሬ ነው። ወሬው ደግሞ «ሳያባርሩኝ ልውጣ» ያሰኛል። ግን ቆይ፣ እናስላው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰና ለጡረታ ያልደረሰ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ያገኛል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይታከላል። በዚያ ላይ ሌላ የ60 ቀን አለ። ሁለት ዓመት ሠርተው ከሆነ 30 + 10 + 60፣ ማለትም የ100 ቀን ደመወዝ ነው። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ይገባዎታል።

አምስት ዓመት ሳይሞላዎት እንዲሁ በፈቃድዎ ከለቀቁ ግን ይህ ክፍያ የለም።

ስለዚህ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ቢቀርብልዎ ሳያነቡ አይፈርሙ። የቅጥር ውልዎንና የደመወዝ ወረቀትዎን ያስቀምጡ፤ የአገልግሎት ዘመንዎና ደመወዝዎ የሚረጋገጠው በእነሱ ነው።