«ማንዣበብ» ወይስ «ማሳረፍ»?

በድረ ገጽ ላይ፣ ጠቋሚው ከአገናኝ ጽሑፍ በላይ ሲደርስ ጽሑፉ ሳይጫን ቀለሙን እንዲለውጥ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ የሚያገለግለው «ሆቨር» የተባለው መለያ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው በሁለተኛው የሲ.ኤስ.ኤስ. ደንብ ውስጥ ተካቷል።

ለጽንሰ ሐሳቡ ሁለት አቻ ቃላት ሊታሰቡ ይችላሉ። «ማሳረፍ» መንካትን ስለሚያመለክት ከ«መጫን» ጋር ይቀላቀላል፤ ደንቡ ግን ሁለቱን ለይቶ፣ በመጫን ላይ ላለው አገናኝ «አክቲቭ» የተባለ ሌላ መለያ ሰጥቷል። «ማንዣበብ» ግን ጭልፊት ሳያርፍ በአየር ላይ እንደሚቆይ ሁሉ፣ ሳይነኩ ከበላይ መሆንን ያስረዳል። «አደጋ አንዣበበ» በሚለው አነጋገር የያዘው የሥጋት ስሜት እንከን ቢሆንም፣ የፍች ግልጽነት ሊቀድም ይገባል። ስለዚህ ተርጓሚው «ጠቋሚው ሲያንዣብብበት ቀለሙ ይለወጣል» ቢል ይመረጣል።