የቀይ እስክሪብቶ ሙግት

በሁለተኛ ቋንቋ መጻፍ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ከመሆኑ በፊት ድርሰት የሰዋስው መለማመጃ ነበር። ተማሪው ይጽፋል፣ መምህሩ ያርማል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በ1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሮበርት ካፕላን ከሰዋስው ያለፈ ጉዳይ አነሱ፤ የውጭ አገር ተማሪዎች ድርሰት ለእንግሊዝኛ አንባቢ እንግዳ የሚሆነው ሐሳብ የሚያደራጁበት ልማድ ከየባህላቸው ስለሚቀዳ ነው አሉ። የእንግሊዝኛን አካሄድ በቀጥተኛ መስመር፣ የሩቅ ምሥራቅን በጥምዝ፣ የሴም ቋንቋዎችን ወዲያ ወዲህ በሚል መስመር ሣሉት። ሥዕሉ ዝነኛ ሆነ፤ ፍርዱ ግን ችኮላ ነበረበት። የአንድ ሕዝብ አስተሳሰብ፣ ልጆቹ ገና እየተማሩት ባለ ባዕድ ቋንቋ በጻፉት ድርሰት አይለካም።

በ1980ዎቹ ትኩረቱ ከወረቀቱ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ቪቪያን ዛሜል በ1983 ስድስት ተማሪዎች ሲጽፉ ተከታትለው፣ ሐሳብ አስቀድሞ አልቆ ወረቀት ላይ የሚገለበጥ ሳይሆን በመጻፍ፣ በማንበብና በመከለስ መካከል የሚገኝ መሆኑን አሳዩ። በ1992 ኢሎና ሌኪና ቶኒ ሲልቫ የመስኩን መጽሔት መሠረቱ።

ከሁሉ የከረረው ሙግት በ1996 ተነሣ። ጆን ትረስኮት የሰዋስው እርማት አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳልና ይቅር ብለው ጻፉ። በ1999 ዳና ፌሪስ ድምዳሜው የቸኮለ ነው ሲሉ መለሱላቸው። የነገሩን ክብደት ለመረዳት አንድ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ማሰብ ይበቃል። በአማርኛ «ፀሐይ ወጣች» ሙሉ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ከፀሐይ በፊት «ዘ» ይፈልጋል። ተማሪው ይዘለዋል፣ መምህሩ በቀይ ይከባል፣ ተማሪው ይጨምረዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ይዘለዋል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እዚያ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ቃል የለም። ገጹን ሁሉ በቀይ ማጥለቅለቅ ይህን አያስተምረውም።

በ2008 ጆን ቢቸነር የተለየ መንገድ ሞከሩ። በኒው ዚላንድ ኦክላንድ 75 ተማሪዎችን በአራት ቡድን ከፍለው፣ «ኤ» ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚነሣ ነገር፣ «ዘ» አስቀድሞ ለተነሣ ነገር የሚያገለግሉባቸውን ሁለት አገባቦች ብቻ ለእርማት መረጡ። እርማት ያገኙት ካላገኙት በልጠው ታዩ፤ ብልጫው ከሁለት ወር በኋላም አልጠፋም። ጥቂቱን መርጦ ማረም ይጠቅማል የሚለው አቋም ማስረጃ አገኘ።

አሁን ጥያቄው ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዞሯል፤ ድርሰቱን የጻፈው ተማሪው ነው ወይስ ማሽን? በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በሰው የተጻፉ 91 የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶችን ለሰባት የማሽን ጽሑፍ መለያ መሣሪያዎች ሰጡ፤ መሣሪያዎቹ በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትን በስሕተት የማሽን ሥራ ናቸው አሉ። የሚለኩት ቀጣዩ ቃል ምን ያህል ሊገመት እንደሚችል ስለሆነ፣ ጥቂት ቃላት ይዞ በጥንቃቄ የሚጽፍ ተማሪ ተጠርጣሪ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ የእነዚያኑ ድርሰቶች ቃላት በቻትጂፒቲ ሲያበለጽጓቸው ደግሞ ጥርጣሬው በእጅጉ ቀነሰ።