በቀላያት የተዘረጋው ክር

ከባሕር ማዶ ዘመዱ ጋር በስልክ የሚነጋገር ሰው፣ ድምፁ ወደ ጠፈር አርጎ ከሳተላይት ነጥሮ የሚወርድ መስሎት ቀና ብሎ ሰማዩን ቢመለከት አይፈረድበትም፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በአህጉራት መካከል ከሚመላለሰው መልእክት ከ100 እጅ 95 የሚያህለው ፀሐይ በማይደርስበት በቀላያት ወለል በተጋደመ ገመድ የሚያልፍ ነውና።

የነገሩ ጥንት ቴሌግራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ በተዘረጋው ገመድ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለቡካናን የላኩት የ98 ቃላት ሰላምታ 16 ሰዓት ያህል ፈጅቶ ደረሰ፤ ገመዱም ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ስለ ተለቀቀበት ወር ሳይሞላው ዲዳ ሆነ። ግሬት ኢስተርን የተባለችው ግዙፍ መርከብ በ1866 የሚጸና ገመድ እስክትዘረጋ ድረስ፣ ሁለቱ ዳርቾች እንደ ቀድሞው የመርከብ ደብዳቤ ሲጠባበቁ ኖሩ።

የዛሬው ገመድ የሚሸከመው ብርሃንን ነው። በጥልቁ ባሕር ውፍረቱ ከአውራ ጣት እምብዛም አይበልጥም፤ በእምብርቱ የሰው ጠጉር የሚያህሉ የመስታወት ዘሃዎች ተሰድረው፣ ብርሃኑ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲገሰግስባቸው ኃይሉ በመንገድ ስለሚደክም፣ በየ70 ወይም በየ80 ኪሎ ሜትሩ አበርቺ መሣሪያ ይቀበለዋል፤ ለመሣሪያውም ቀለብ የሚሆነው ኤሌክትሪክ ከየብስ ተነሥቶ በዚያው ገመድ ውስጥ ባለ መዳብ ይመጣል። ሻርክ ይበጥሰዋል የሚባለው ለጨዋታ ይጥማል እንጂ፣ የገመዱ ዋና ጠላት የመርከብ መልሕቅና የአሣ አጥማጅ መረብ ነው፤ ስለዚህም ወደ ዳርቻ ሲቃረብ የብረት ጥሩር ያለብሱታል።

ሳተላይት ግን ከነጭራሹ አልተሻረም፤ መርከበኛና በረሃ ገብ ዛሬም ተስፋቸው እርሱ ነው። ነገር ግን ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚዞረው ሳተላይት ድምፅን ተቀብሎ እስኪመልስ የሰከንድ ሩብ ያህል ያልፋል፤ በሱሉልታው የሳተላይት ጣቢያ በኩል ከውጭ አገር የተነጋገሩ አረጋውያን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተናግረው በአንድ ጊዜ ዝም የሚሉባትን ያችን ቅጽበት አይዘነጉም።

ባሕር የሌላት ኢትዮጵያ ይህን ክር ከምትጨብጥባቸው በሮች አንዱ ጅቡቲ ነው፤ በ2024 መጀመሪያ በቀይ ባሕር ገመዶች በተበጠሱ ጊዜም የዚያ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ሥጋት ለሁሉ ተገለጠ። ገመድ ሲበጠስ የጥገና መርከብ በቦታው ቆሞ፣ ሜንጦ አውርዶ ወለሉን እየዳሰሰ ጫፉን ያወጣል፤ ባለሙያውም በመርከቡ ላይ ተቀምጦ እነዚያን ጠጉር መሰል መስታወቶች አንድ በአንድ በሙቀት አቅልጦ ይቀጥላል፤ ከዚያም ገመዱን መልሰው ወደ ጨለማው ይለቁታል።