የይለፍ ቃሉን ማን አየው?

ጀሞ ውስጥ፣ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ የተከፈተ ቅርንጫፍ ቢሮ እናስብ። ኮምፒውተሮቹ በሊነክስ ይሠራሉ። የሠራተኞቹ ስምና የይለፍ ቃል የሚገኘው ግን መሃል ከተማ ባለው ዋና መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ነው፤ ይህ የጋራ መዝገብ ዳይሬክተሪ ይባላል።

መስመር ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም፣ ሊነክሱ ላይ ያለው ኤስኤስኤስዲ የተባለ አገልግሎት እንዲያ ተደርጎ ከተዋቀረ ቀደም ብሎ በዚያ ማሽን የገባን ሰው የይለፍ ቃል ሃሽ በተባለ፣ ወደ ዋናው ቃል በማይመለስ መልክ ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ሰርቨሩ ባይገኝም ሰውየው ይገባል። እንግዲህ ሠራተኛው መግባቱ ዳይሬክተሪው እንዳወቀው አያስረዳም።

በትእዛዝ መስመር የሚደረገው ፍተሻም በዚሁ ምክንያት ያሳስታል። «ሪልም ሊስት» ማሽኑ የትኛው ዳይሬክተሪ አባል ሆኖ እንደተዋቀረ ብቻ ይነግራል። «አይዲ» ከተጠቃሚው ስም ጋር ሲጻፍ መልሱን ከተቀመጠው ቅጂ ሊያመጣ ይችላል። የ«ኤስኤስኤስሲቲኤል» የዶሜይን ስታተስ ትእዛዝ አገልግሎቱ ራሱን ኦንላይን ነኝ ወይስ ኦፍላይን እንደሚል ያሳያል። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው «ኬይኒት» ነው። ቅጂ አያውቅም፤ በቀጥታ ሰርቨሩን ቲኬት ይጠይቃል። ቲኬት ማለት ከርቤሮስ የተባለው የማረጋገጫ ሥርዓት ለተወሰነ ሰዓት የሚሰጠው የማንነት ማስረጃ ነው። «ኬሊስት» ቲኬቱን ከነማብቂያ ሰዓቱ ያሳያል።

ከርቤሮስ የቆየ ማስረጃ ሰርቆ መጠቀምን ለመከላከል ሰዓት ያመሳክራል፤ የተለመደው የልዩነት ገደብ 5 ደቂቃ ነው። እዚህ ላይ አገራችን የራሷ ጣጣ አላት። መብራት ሲሄድ የቦርዱ ባትሪ ያለቀ ኮምፒውተር ሰዓቱን ይረሳል። የሚያስተካክለው ሰው ደግሞ ጠዋት ከግድግዳው ሰዓት አይቶ 3፡00 ብሎ ሊሞላ ይችላል፤ ማሽኑ የሚጠብቀው 9፡00 ነው። የ6 ሰዓት ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ጥያቄው ውድቅ ሊሆን ይችላል። «ታይምዴትሲቲኤል» ሰዓቱንና የሰዓት ቀጠናውን ስለሚያሳይ፣ ከሌሎቹ በፊት እሱን ማየት ይቀላል።

ጉዳቱ የሚታየው ግን አገልግሎቱ ኦፍላይን መሆኑ ሳይስተዋል ሲቆይ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት አካውንቱን የዘጋበት ሠራተኛ ጀሞ ባለው ማሽን በአሮጌው የይለፍ ቃሉ መግባቱን ይቀጥላል። ቅጂው በስንት ቀን እንደሚያበቃ የሚወስን ማስተካከያ አለ፤ ካልተነካ ግን ዜሮ ነው፣ ዜሮም ገደብ የለሽ ማለት ነው። ገደቡ በጣም ካጠረ መስመር በተጓደለ ቁጥር ሠራተኛው ደጅ ይቀራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ የሚመረጠው የቢሮው መስመር ባብዛኛው ለስንት ቀን እንደሚጠፋ ታይቶ ነው።