ከዋሽንግተን ደብረ ማርቆስ ስንት ሰዓት ነው?

ከዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ ቦሌ ያለው አጭሩ የአየር መስመር 11 ሺህ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአሜሪካ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣ ዘመድ ይህን ሁሉ በ13 ሰዓት ገደማ ያቋርጥና ለቀረችው 300 ኪሎ ሜትር የመኪና መንገድ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

አጭሩ መስመር ስንል ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ በማስመሪያ የሚሰመረውን ማለታችን አይደለም። ምድር ድቡልቡል ናት። ሉል ላይ ሁለቱን ከተሞች በክር ብናገናኝ፣ ክሩ አትላንቲክ ላይ ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ በፖርቱጋል በኩል ሜዲትራኒያንን ይሻገርና በሊቢያና በሱዳን አድርጎ ይወርዳል። እርግጥ አብራሪው ሁልጊዜ ክሩን አይከተልም፤ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ አውሮፕላኖችን ዙሪያ ጥምጥም አስኪዷቸዋል።

መሄጃና መመለሻውም እኩል ጊዜ አይወስድም። አንዳንዱ ሰው ምክንያቱ የምድር መዞር ይመስለዋል። ምድር ከሥር እየዞረች ብታግዝ ኖሮማ ወደ አሜሪካ መሄዱ በፈጠነ ነበር፤ ግን አየሩም አብሯት ይዞራል። ልዩነቱን የሚያመጣው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ነው፤ ወደ አገር ቤት የሚመጣውን ከኋላ ይገፋል፣ የሚሄደውን ከፊት ይጋፋል።

ሌላው ጣጣ ያለው ቦሌ ነው። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 330 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፣ የሞተሩም ጉልበት ይደክማል። አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ሳያልቅበት እንዲነሳ ሸክሙ መቅለል አለበት፤ ያው ወይ መንገደኛ ወይ ነዳጅ ይቀነሳል ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ በተለያዩ ዓመታት ሮም ወይም ደብሊን እያረፈ ነዳጅ የሞላው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የበረረው በዚሁ ምክንያት ነው። ደለስ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይርቅም። ደብረ ማርቆስ ከቦሌም ከፍ ስለምትል፣ እሷ ዘንድ የሚያርፍ አውሮፕላንም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ የየአገሩ ነው። ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በዚያ ላይ የእኛ አቆጣጠር አለ፦ ትኬቱ ቦሌ የሚገባው 7:30 ነው ካለ ከጠዋቱ 1:30 ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር መስሎት ከምሳ በኋላ ሊቀበል የሄደ ሰው እንግዳውን የሚያገኘው ስድስት ሰዓት ሙሉ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ነው።

ከቦሌ ደብረ ማርቆስ በአየር ቢለካ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና 300 የሚያደርሰው የመንገዱ ጥምዝምዝ ሲሆን፣ ሰዓቱን የሚበላው በተለይ ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ደጀን እስኪወጣ ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ይህን ያህል ለመብረር ሦስት ደቂቃ አይሞላውም፤ ከጭነት መኪና ኋላ የተሰለፈ አውቶቡስ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይበት ይችላል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ቦሌ አረፈ ተብሎ ዶሮ ለማረድ መጣደፍ አያሻም። ደጀን ላይ ሆነው ቢደውሉ ገና 70 ኪሎ ሜትር ይቀራቸዋል፤ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ይበቃል።