ብሌንን ሳይነካ የሚያክም ሌንስ

ኮንታክት ሌንስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የመነጽር ምትክ ወይም የዓይን ቀለም መለወጫ ነው። ስክሌራል ሌንስ ግን ሕክምና ነው፤ መመዘን ያለበትም እንደ ሕክምና ነው። ተራው ኮንታክት ሌንስ የሚቀመጠው በዓይን ብሌን፣ ማለትም ሐኪሞች ኮርኒያ በሚሉት ጥርት ያለ የዓይን ፊት ላይ ነው። የብሌን ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ስክሌራል ሌንስ ከ15 እስከ 22 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ ብሌኑን አልፎ በዓይን ነጩ ክፍል ላይ ያርፋል። በሌንሱና በብሌኑ መካከል የሚቀረው የሚሊ ሜትር ሩብ ያህል ክፍተት በንጹሕ የጨው ፈሳሽ ይሞላል። ታካሚው ጠዋት ሌንሱን በትንሽ የጎማ መያዣ ላይ አድርጎ እስከ አፉ ፈሳሽ ይሞላዋል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ከታች ወደ ላይ ዓይኑ ላይ ያሳርፈዋል። የአየር አረፋ ከገባ እይታው ስለሚታወክ አውጥቶ እንደገና ይሞላል።

ሌንሱ የሚረዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው እይታን ማስተካከል ነው። ኬራቶኮነስ በተባለው በሽታ ብሌኑ እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል፤ የዳነ ቁስል ጠባሳም የብሌኑን ፊት ወጣ ገባ ያደርገዋል። በእንዲህ ያለ ፊት የሚገባ ብርሃን ስለሚበታተን መነጽር ብዙ አይረዳም። በክረምት የደንቢያ ሜዳ ላይ ውሃ ሲተኛ ጉድጓዱና ጉብታው እኩል እንደሚሆን ሁሉ፣ ፈሳሹ የብሌኑን ወጣ ገባ ይሞላዋል፤ ብርሃኑም በሌንሱ ለስላሳ ፊት በኩል ይገባል። ሁለተኛው ጥበቃ ነው። እንባው ለደረቀ ወይም በፊት ሽባነት ዓይኑን መክደን ላቃተው ሰው ፈሳሹ ብሌኑን ቀኑን ሙሉ ያርሰዋል፤ ሌንሱም ከዓይን ቆብ ፍትጊያ ይከላከለዋል።

ጉዳዩ ጎንደርን በቀጥታ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች 11.5 በመቶውን ለትራኮማ የብሌን ጠባሳ ሰጥቷል፤ ጎንደር ያለችበት የአማራ ክልልም ትራኮማ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በዓይን አለርጂ የሚሠቃዩ ልጆች ዓይናቸውን አዘውትረው ያሻሉ፤ ይህም ለኬራቶኮነስ እንደሚያጋልጥ የታወቀ ነው። እርግጥ ሌንሱ ሁሉን አይፈታም። በትራኮማ ወደ ውስጥ የተቀለበሰ የዓይን ፀጉር አስቀድሞ በቀዶ ሕክምና መስተካከል፣ አለርጂውም መታከም አለበት። ጠባሳው ጥቅጥቅ ብሎ ብርሃን ከከለከለ ሌንስ አይረዳም፤ ትራኮማ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ካጠበበውም ለመግጠም ያስቸግራል።

ሌላው ጥያቄ ስለ ደጋው አየር ነው። ብሌን ደም ሥር ስለሌለው ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው ከአየር ነው፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ባለችው ጎንደር ደግሞ የኦክስጅኑ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ከእሷም ከፍ ባለችው ደባርቅ ይብሳል። አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1888 ያስተዋወቀው የመስታወት ሌንስ ኦክስጅን ስለማያሳልፍ ከጥቂት ሰዓት በላይ ማድረግ አይቻልም ነበር። አውስትራሊያዊው ዶን ኤዝኪየል እ.ኤ.አ. በ1983 አየር ከሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ስክሌራል ሌንስ ካቀረበ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ስለዚህ ከፍታው ሌንሱን የሚከለክል ምክንያት አይደለም፤ ኦክስጅን በብዛት የሚያሳልፍ ስስ ሌንስ መምረጥን፣ ማታ ማውለቅንና ክትትልን ግን ግድ ይላል። የንጽሕናው ሥጋትም እውነተኛ ነው፤ የቧንቧም ሆነ የምንጭ ውሃ ብሌንን የሚያጠፋ ተሕዋስ ሊይዝ ስለሚችል ሌንሱ ሊነካው አይገባም። ንጹሕ ፈሳሽ ሳይቋረጥ ለማያገኝ ታካሚ ሌንሱን መስጠት ጉዳት ነው።

በዋጋው ላይ የሚነሣው ቅሬታም ተገቢ ነው፤ ሌንሱ ለእያንዳንዱ ዓይን በልክ ስለሚሠራ ውድ ነው። ነገር ግን መወዳደር ያለበት ከመነጽር ሳይሆን ከብሌን ንቅለ ተከላ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በለጋሾች ላይ የተመሠረተ ነው፤ ንቅለ ተከላም የዓመታት ክትትል ይፈልጋል። በቤልጂየም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ከባድ ኬራቶኮነስ ካለባቸውና ስክሌራል ሌንስ ከተገጠመላቸው 51 ዓይኖች 40ዎቹ ከንቅለ ተከላ መዳናቸውን አሳይቷል። እንዲህ የዳነ እያንዳንዱ ዓይን፣ የተለገሰው ብሌን ሌላ ምርጫ ለሌለው ታካሚ እንዲደርስ ያደርጋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪስቶችን የሚያሠለጥን ተቋም ነው፤ ሌንስ መለካትና መግጠምም የእነሱ ሙያ ነው። ስለዚህ ለባለሙያዎቹ ሥልጠና፣ ለታካሚው ደግሞ ለሌንሱና ለንጹሕ ፈሳሹ የሚሆን ድጎማ በአንድ ላይ መታቀድ አለበት፤ አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም።